ለመኪናዋ አሜን ያሉ ሽማግሌዎች

አንድ ሰው አዲስ መኪና ገዛ።

ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የቀራችሁት ደግሞ "እኔን ሊነካ ነው" ብላችሁ ታኮርፋላችሁ። ደግ ሰው ነው። ጎረቤት ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚይዝ ሰው ነው። መኪና ገዛ፣ በቃ። ይህ ኃጢአት አይደለም።

መኪናዋ የኤሌክትሪክ ናት። ታውቋቸዋላችሁ፣ እነዚያ ድምፅ የሌላቸውን። በሰፈራችን ስታልፍ የደመና ጥላ መሬት ላይ ያለፈ ይመስላል። ዞር ስትሉ የለችም። ልጆቹ "ሕልም መጣች፣ ሕልም ሄደች" ይላሉ።

ደግሞስ ምን የላትም? ባለቤቷ ሲጠጋ በሯን ትከፍትለታለች። ወንበሯ ወገብ ያሻል። ዝናብ ሲጥል ማንም ሳያዛት መስታወቷን ትጠርጋለች። ከሁሉ ከሁሉ ግን ዓይን አላት። ከፊት መስታወቱ አናት ላይ፣ መሃል ለመሃል፣ የአተር ፍሬ የምታህል ጥቁር ዓይን።

ሻጩ "በዚህች ታያለች" አለው። "ከፊትዎ ሰው ቢገባ፣ ከብት ቢገባ፣ እርስዎ ባያዩ እሷ ታያለች። እርስዎ ባይቆሙ እሷ ትቆማለች።"

እውነትም! አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ሣር የጫነች አህያ ድንገት ገባችበት። እሱ ገና እግሩን ሳያነሣ መኪናዋ ቀጥ አለች። አህያዋ ራሷ ገርሟት ቆማ አየቻት ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ልቡን ለመኪናዋ ሰጠ። መሪውን የሚይዘው ለወጉ ያህል ሆነ።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት። አማርኛ አትችልም። የምትናገረው በቻይንኛ ነው። ሻጩ "ቋንቋዋን እንቀይርልዎታለን" ብሎት ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲባባሉ እንዲሁ ቀረ። ሰውየውም "ምን ቸገረኝ፣ ሥራዋን ታውቃለች" አለ።

ባለቤቱ ወይዘሮ እንጉዳይ ደግሞ መርፌ የሚታዘዝላት ሴት ናት። "እንዲህ ያለች መኪና ራቁቷን አትሄድም" አለች። ቀይ የከፋይ ጨርቅ ቆረጠች፤ ከግርጌው ወርቃማ ዘርፍ አደረገችበት፤ ከፊት መስታወቱ አናት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠሩት። በሰው መኪና ላይ አይታችኋል፣ አንዳንዶቻችሁም አላችሁ። ያምራል። መኪናዋ ሙሽራ መሰለች።

ታዲያ ያቺ የአተር ፍሬ የምታህል ዓይን የት ገባች?

ከከፋዩ በታች ገባች። ሰውየው አላሰበውም። ወይዘሮ እንጉዳይም ያቺን ዓይን ማን ነግሯት ታውቃት?

በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋን ሲያስነሣ ተናገረች። ከወትሮው ረዘም ያለ ነገር ነው። ድምፅዋ እንደ ለስላሳ ዝናብ ነው፤ የተማረች፣ የታረመች፣ ሰው የማትቆጣ ሴት ድምፅ።

"ምን እያለች ነው?" አለች እንጉዳይ።

"እያመሰገነችሽ ነዋ! ካለበስሻት ወዲህ አንደበቷ ተፈታ።"

"እስኪ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።"

"ምኑ ይጠየቃል? ድምፁን አትሰሚም እንዴ? ይሄ የምርቃት ድምፅ ነው። አሜን በይ።"

እንጉዳይ አላለችም። ጫማዋን እያየች ዝም አለች። ወንድሞቼ፣ ሚስት ጫማዋን እያየች ዝም ስትል እኛ የተስማማች ይመስለናል። እዚህ ያላችሁ ሴቶች ስትስቁ አያለሁ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ ተራችሁ ይደርሳል።

ሰውየው ግን በየጠዋቱ መኪናዋ ስትናገር "አሜን" ይላል። እንዲህ ሲል ስድስት ሳምንት አለፈ።

በዚህ መሃል ልጁ ኪሩቤል ሚስት ላግባ አለ። ልጅቷ ማኅደር ትባላለች፤ አባቷ አቶ አጥናፍሰገድ የደብረ ሲና ሰው ናቸው። ልጅቷ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስተርጓሚ ነበረች። ሠራተኛው ሁሉ ከአለቆቹ ጋር የሚነጋገረው በእሷ አፍ ነው። የምን ቋንቋ አስተርጓሚ አትበሉኝ፣ እንደርስበታለን።

ሽማግሌ ተላከ። አቶ አጥናፍሰገድ መጀመሪያ "እንመካከርበት" አሉ፤ ይህ ወግ ነው፣ ማንም አይከፋውም። ሁለተኛ ሲሄዱ ግን የሆዳቸውን ተናገሩ።

"ልጄ አንደበት አላት" አሉ። "እኔ ቤት እሷ ስትናገር ሬዲዮ ይዘጋል። እናንተ ቤት ስትናገር ማን ያዳምጣታል? ይህን ልቤ ሳያምን ልጄን አልሰጥም። አንድ ጊዜ ደግማችሁ ኑ። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው።"

ኪሩቤል ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ምግብም ተወ። አባቱም ይህን አይቶ፣ "በዚህች መኪና እኔው ራሴ አደርሳቸዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ተከብረው ይግቡ" አለ። በእኛ አገር የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ ስለዚህ ከደጅ መኪናው ውስጥ ሊጠብቅ ቆረጠ።

እሑድ ማለዳ ተነሡ። ከፊት መምሬ ላቀው፣ የንስሐ አባቱ። ከኋላ ጋሽ ዘውገ፣ አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ቮልስ የነዱ ሰው። ከእሳቸው ጎን ደግሞ መኪና ሲነሣ ተኝቶ ሲቆም የሚነቃ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ።

ጋሽ ዘውገ ገና እንደተቀመጡ እጃቸውን በሩ ላይ ያንከራትቱ ጀመር።

"ምን ጠፋዎት ጋሼ?"

"የመስኮት ማዞሪያ። ጉምም ይሁን ብርድ መስኮት ሳይከፈት አልሄድም።"

"ቁልፍ አለው፣ ይጫኑት።"

ተጫኑ። ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተኛ።

"እግዚኦ!" አሉ ጋሽ ዘውገ ጣሪያውን እያዩ። "መስኮት ብላት አልጋ አነጠፈችልኝ!"

መምሬ ላቀው ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ሰውየው መስኮቱን ከፈተላቸው። ጋሽ ዘውገ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚተዉ አይደሉም።

"የኔዋ ቮልስ የምትነግረኝ ሦስት ነገር ነው" አሉ። "ስትራብ ትንተፋተፋለች። ስትታመም ታንኳኳለች። ስትናደድ ታጨሳለች። ሦስቱንም እሰማታለሁ። ይቺ ስንት ነገር ትነግርሃለች?"

"ሦስት መቶ አይጠፋም።"

"ስንቱን ትሰማለህ?"

"መስማቱ አያስፈልግም ጋሼ። ራሷ አይታ ራሷ ታደርገዋለች።"

"ታዲያ አንተን ምን አመጣህ?" አሉ መምሬ ላቀው።

ይህን ጊዜ መኪናዋ ተነሣችና ያን ለስላሳ ቃሏን ተናገረች።

"ምን አለች?"

"ትመርቃለች አባ። በየጠዋቱ ነው።"

መምሬ ላቀው ትንሽ አሰቡ። "ምርቃት ከሆነ አይመለስም። አሜን!"

"አሜን" አሉ ጋሽ ዘውገ፣ ሳይወዱ። ሦስተኛው ሽማግሌም በእንቅልፋቸው "አሜን" አሉ።

አትሳቁ። ወይም ሳቁና ጥያቄዬን ያዙልኝ። እናንተ ሳትሰሙት አሜን ያላችሁት ስንት ነገር ነው?

መንገዱን ስሙኝ። ከተማው ወደ ኋላ ቀረ። ሜዳው መጣ፤ ከሜዳው በላይ ጭጋጉ እንደ ነጠላ ተዘርግቷል። መኪናዋ ድምፅ የላትም። አራት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ምድር ከእግራቸው ሥር የምታልፍ ይመስላል። ደብረ ብርሃንን አለፉ። ከዚያ ወዲያ አገሩ እየከበደ፣ ብርዱ እየጠና፣ ሰማይና መሬቱ እየተቀራረበ ሄደ። ጣርማ በር ሲደርሱ ጉሙ ዋጣቸው።

ጣርማ በርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ይወጣል፤ እንደሚተነፍስ ነገር ነው። ተራራውን ሰንጥቆ ከሚያልፈው የመንገድ ዋሻ ወጥተው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዛፉ የለም፣ ገደሉ የለም፣ መንገዱም የለም። ነጭ ብቻ። መኪናዋ በነጩ ውስጥ ትንሳፈፋለች። መምሬ ላቀው መቁጠሪያቸውን ጀመሩ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ነበር። ሕፃን ሆኖ እናቱ አዝላው በዝናብ ስትሄድ የተሰማውን ዓይነት ነገር ተሰማው። የሚያይለት ሌላ ሲኖር ሰው እንዴት ደስ ይለዋል!

ዓይን አላት፣ ይላል በልቡ። እኔ ባላይ እሷ ታያለች።

መኪናዋም በጉሙ መሃል ያን ቃሏን ደገመችው። አሁን በጠዋቱ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

"ዛሬስ አበዛችው" አሉ ጋሽ ዘውገ።

"ለበጎ ነው። የሄድንበት ጉዳይ ገብቷታል" አለ ሰውየው። "አሜን!"

"አሜን" አሉ መምሬ ላቀው።

ይህን እንዳሉ ከጎማው ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ክሽ። ክሽ ክሽ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሞተር የምታጓራ መኪና ቢሆን ኖሮ ማንም አይሰማውም ነበር። በተከፈተው መስኮትም የባሕር ዛፍ ሽታ ገባ።

ጋሽ ዘውገ ከተኙበት ወንበር ብድግ አሉ። "ቅጠል ነው!"

"ምን?"

"ቅጠል ረገጥክ! ከፊት የቆመ መኪና አለ! ቁም!"

ታውቁታላችሁ። ሹፌር መኪናው ሲበላሽበት ቅርንጫፍ ይቆርጥና ከኋላው አስፋልቱ ላይ እየራቀ እየራቀ ያኖራል። ማንም አላስተማረንም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጠል ካየህ ቀስ በል፣ ከፊትህ የተቸገረ አለ ማለት ነው።

ሰውየው ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ? እግሩን አነሣና ጠበቀ።

"ነገር ካለ ራሷ ትቆማለች" አለ።

አልቆመችም። ነጩ ውስጥ ትንሳፈፋለች።

"ራሷ ትቆማለች እኮ ጋሼ ..."

"እግሩ የማን ነው አንተ ሰው!" ብለው ጋሽ ዘውገ ጮኹ። "ፍሬን ያዝ!"

ያዘ። ጎማዎቹ ቅጠሉን እየጎተቱ ሄዱ፤ ከዚያ ቆሙ። ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጀርባ ከጉሙ ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በቀኝ በኩል ገደሉ ነው።

ሦስተኛው ሽማግሌ ነቁና "ደረስን?" አሉ።

የጭነቱ መኪና ሹፌር ብርድ ልብስ ተጎናጽፎ ከጉሙ ወጣ። "ቅጠሌን አያችሁት?" አለ።

"ሰማነው" አሉ ጋሽ ዘውገ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሰውየው ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ነበር። ፀሐይ ወጣች፤ አገሩ ሞቀ፤ የማሽላው እርሻ ታየ። "ለአህያዋ ቆማ ለእኛ ለምን አልቆመችም?" አለ በመጨረሻ።

አራት ሰዓት ሲሆን ከአቶ አጥናፍሰገድ ደጅ ደረሱ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ወጉ ነውና አልተቀመጡም፤ "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" ብለው ቆሙ። አባትየው "ተቀመጡ" ካሉ ሰጡ ማለት ነው። ካላሉ ቆመው ይመለሳሉ።

አቶ አጥናፍሰገድ አላሉም። መምሬ ላቀው ስለ ልጁ ጨዋነት ተናገሩ። ስለ ቤቱ ተናገሩ። አባትየው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያዩ ያዳምጣሉ። ፊታቸው አይፈታም። ጋሽ ዘውገ እግራቸውን እያቀያየሩ ቆመዋል፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸው መከደን ጀምሯል።

ከደጅ ሰውየው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መዝሙር ከፍቷል። ልቡ ግን መዝሙሩ ጋ አይደለም። ኪሩቤል ስልክ ይዞ እንደሚጠብቅ ያውቃል። ምን ብሎ ይደውልለት?

አንዲት ልጅ በብርጭቆ ብርዝ ይዛ ወጣች።

"ጋሼ፣ ሾፌር ሰው አይደለም እንዴ? ውጭ ጥለውዎት ገቡ አይደል? ይጠጡ።"

ማኅደር ናት። ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም፣ እሱም አይቷት አያውቅም፤ ማንነቷን ግን ገመተ። ሰውየው "አባቱ ነኝ" ሊል አፉን ከፈተና ተወው። አመስግኖ ተቀበለ። ብርጭቆውን የሚያሳርፍበት ፈልጎ አንዱን ነገር ሲነካ መኪናዋ ተነሣች፤ ቃሏንም ተናገረች።

"አሜን" አለ ሰውየው። ልማድ ነው። ድምፁ ግን ደክሟል።

ልጅቷ ሳቀች። "ምን አሉ?"

"አሜን አልኩ።"

"ለምኑ?"

"ለምርቃቷ።"

ሳቋ ቆመ። "እስኪ ደግመው ያናግሯት ጋሼ።"

አጥፍቶ አስነሣ። መኪናዋ ተናገረች። ማኅደር በመስኮቱ ጎንበስ ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ ቀዩን ከፋይ አየች፤ ወርቃማውን ዘርፍ አየች።

"ቻይንኛ ነው፤ ሥራዬ ነበር" አለች። "የምትለው እንዲህ ነው። ‘ዓይኔ ተሸፍኗል። ከፊት ያለው አይታየኝም። እባክዎ የሸፈነኝን ያንሡልኝ።’"

ሰውየው ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

"ሌላስ?"

"ይኸው ነው።"

"መጨረሻው ላይ እንኳ ምርቃት የለውም? ትንሽም?"

"የለውም ጋሼ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ስንት ጊዜ ብላዎታለች?"

"ስድስት ሳምንት" አለ። "በየጠዋቱ። ዛሬ ደግሞ ጉሙ ውስጥ ... ጉሙ ውስጥ ሦስት ጊዜ።"

የጭነቱ መኪና ጀርባ ፊቱ ላይ መጣበት። ገደሉ መጣበት። መምሬ ላቀው፣ ጋሽ ዘውገ፣ እንቅልፋሙ ሽማግሌ፣ ሁሉም በእሱ አደራ የተሳፈሩ ናቸው። አይታየኝም ስትለው አሜን ብሏታል። አንሣልኝ ስትለው አሜን ብሏታል።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። "አንቺ ልጅ፣ ምን ታውቂያለሽ" የሚባልበት ነው። "እኔ እንደሆነ ስነዳ ኖሬያለሁ" የሚባልበት ነው። ሰፊ መንገድ ነው፤ አስፋልቱም ጥሩ ነው። ስንት ጊዜ ተመላለስንበት!

ሰውየው መጀመሪያ መዝሙሩን ዘጋ። ቀጥሎ ተነሥቶ ከፋዩን ፈታ፤ ሚስቱ የሰፋችው ነውና በአክብሮት አጠፈው። ያቺ ጥቁር ዓይን ብርሃን አየች። ከዚያ በሩን ከፈተና አለ፦

"ልጄ፣ ጊዜ አለሽ?"

"አለኝ።"

"እንግዲያስ ግቢ። የቀረውንም ንገሪኝ። ሦስት መቶ ነገር ነው የምትነግረኝ።"

ማኅደር ገባች። እሱ ከኪሱ ቢጫ ወረቀት አወጣ። እሷ ስክሪኑ ላይ እያመለከተች ትናገራለች፤ እሱ በአማርኛ ፊደል ይጽፋል። ሲጠፋው "ድገሚልኝ" ይላል። ስትደግምለት በጣቱ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላታል። አንዴ የቻይንኛውን ቃል ራሱ ሲሞክረው እንዴት አድርጎ እንዳጣመመው እንጃ፣ ልጅቷ በሣቅ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። እሱም ሣቀ። ደግሞ ሞከረ።

በቤት ውስጥ አቶ አጥናፍሰገድ ያን የመጨረሻ ቃላቸውን ሊናገሩ ጉሮሮአቸውን ጠራርገው ነበር። የልጃቸውን ሣቅ ሰሙና ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

"ሾፌራችሁ ብዙ ይጠይቃል" አሉ።

መምሬ ላቀውም ጠጋ ብለው አዩ። "ሾፌር አይደለም" አሉ። "የልጁ አባት ነው።"

ደጅ ልጃቸው እየተናገረች ነው፤ አንድ ሽበታም ሰው አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ከሩቅ ሲታይ በሞቀው ፀሐይ ውስጥ ሁለቱም ከመሬት ትንሽ ከፍ ያሉ ይመስሉ ነበር። አቶ አጥናፍሰገድ ዓይናቸውን አሹ።

"ተቀመጡ" አሉ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሦስተኛው ሽማግሌ ቀድመው ተቀምጠው ነበር።

ሰውየው ቤቱ ሲገባ ወይዘሮ እንጉዳይን ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? "ሰጡን" አላላትም፤ እሱን በስልክ ሰምታለች። ከጎኗ ተቀመጠና፣ "ከፋዩን በሰቀልን ማግሥት፣ ያን ጠዋት፣ ምን ብለሽኝ ነበር?" አላት።

"የሚያውቅ ሰው ጠይቅ ነበር ያልኩህ።"

"አዎ" አለ። "አሁን ሰማሁሽ።"

እንግዲህ ጨረስኩ ብላችሁ ነጠላችሁን አታስተካክሉ፤ ትንሽ ቀርቶኛል።

ይህን ታሪክ ስነግር አንዳንዱ "አየህ፣ የዘንድሮ መኪና ብዙ ነገር አበዛ፤ ለሰው የሚበጀው የጥንቱ ነው" ይለኛል። ጋሽ ዘውገም እንዲሁ ይላሉ፤ ቮልሷን ለማንም አይለውጡም። ሌላው ደግሞ "መኪናዋ ምን አጠፋች? እሷማ ነግራው ነበር" ይለኛል። እኔ የተማርኩት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ የመኪና ዳኛ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። ሦስት ነገር ብቻ የምትናገር መኪና ነበረች፤ ባለቤቷ ሦስቱንም ሰማ። ሦስት መቶ ነገር የምትናገር መኪና ነበረች፤ ባለቤቷ አንዱንም አልሰማ። ብዛቱ ነው ጥፋቱ? ወይስ ጆሮው?

አስቡት። ያ ሰው ክፉ አልነበረም። መኪናዋን አልሰደባትም፣ አልገፋትም። አስጌጣት። ወደዳት። በየጠዋቱ በትሕትና መለሰላት። ዓይኗን የከደነው ደግሞ ድንጋይ አይደለም፣ ጭቃም አይደለም፤ ከፋይ ነው። የፍቅር ሥራ ነው።

እኛስ? እናታችንን በዓል በመጣ ቁጥር ቀሚስ አናለብሳትም? "ወገቤን" ስትል "እግዚአብሔር ይማርሽ" ብለን አናልፍም? ልጃችንን ጥሩ ትምህርት ቤት አላስገባንም? "አባዬ፣ እዚያ መሄድ እፈራለሁ" ሲለን "ጎበዝ፣ በርታ" ብለን ፀጉሩን ዳብሰን አልወጣንም? ድምፃችን ለስላሳ ነው፤ ቃላችን መልካም ነው። አሜን የተባለውን ሁሉ ብንቆጥረው ሰማይ ይሞላል። ግን የተነገረን ምን ነበር?

ለራሱ ለፈጣሪስ? ቃሉን በሚያምር ሽፋን ጠቅልለን፣ በክብር ቦታ አስቀምጠን፣ ሲነበብ ቆመን፣ ድምፁ ጆሯችንን ደስ አሰኝቶት "እንዴት ያለ ስብከት ነው!" ብለን የሄድንባቸው እሑዶች ስንት ናቸው? ምርቃት መስሎን። እሱ ግን "ከፊትህ ገደል አለ" እያለን ቢሆንስ?

አንዳንዴ ደግሞ የማዳኑ ቃል የሚመጣው ከማንጠብቀው ነው። ከሊቁ አይመጣም፤ ብርዝ ይዛ ከምትወጣ ልጅ ይመጣል። ከሦስት መቶው ብልሃት አይመጣም፤ አንድ ብርድ ልብስ የለበሰ ሹፌር በጉም ውስጥ ከቆረጠው ቅጠል ይመጣል። የምትሰሙበትን መስኮት አትዝጉ።

እናንተ ሁላችሁ ዛሬ በምትሄዱበት መንገድ ጉም አለ። እኔም አለብኝ። ጉሙ ኃጢአት አይደለም፤ የአገሩ አየር ነው። በነጩ ውስጥ ስንንሳፈፍ ደስ የሚል እንቅልፍ አለው፤ ያ ነው የሚያስፈራኝ። እና ሰባኪ ነኝ ብዬ ከዚህ የከበደ ነገር አላሸክማችሁም። ቤት ስትገቡ አንድ ሰው ምረጡ። ደጋግሞ አንድ ነገር የሚነግራችሁን፣ እናንተም ደጋግማችሁ "እሺ፣ እሺ" የምትሉትን። ማን እንደሆነ አሁን ፊቱ መጥቶላችኋል።

ከጎኑ ተቀመጡ። "ምን ነበር ያልከኝ?" በሉት። "ምን ነበር ያልሽኝ?" በሏት።

ከዚያ ዝም በሉ። እኔም ዝም እላለሁ።